ዜና ማስያዣ ዘሦስተኛዋ መስኮት

የሦስተኛዋ መስኮት እመቤት በገንዘብ ተቀባይነት በተሾመች በዘጠነኛው ዓመት፣ ነጩ ስስ ሸሚዝ በነገሠ በመጀመሪያው ዓመት፣ ሥዩመ ዋና መሥሪያ ቤት የሆኑት ሦስተኛው ሥራ አስኪያጅ በቁጠባና ብድር ቤታችን ዙፋን ላይ፣ ማለትም አንድ ጎማዋ በወለቀባት ተሽከርካሪ ወንበር ላይ በተቀመጡበት ዘመን፣ ዝናቡ አባርቶ ሙቀቱ በጀመረበት ወራት የሆነውን ነገር፣ ዓይኔ ያየውንና ጆሮዬ የሰማውን፣ ሳልጨምርና ሳልቀንስ፣ ብጨምርም ለድምቀት ያህል ብቻ፣ እነሆ ጻፍሁ።

ጸሐፊዋ እኔ የመዝገብ ቤቷ ነኝ። ክፍሌ በገንዘብ ተቀባዮቹ መስኮቶችና በሥራ አስኪያጁ ቢሮ መካከል የተወሸቀች ጠባብ ክፍል ናት፤ ግድግዳዋም ስስ እንጨት በመሆኑ ከወዲያ የተነጠሰው፣ ከወዲህ የተንሾካሾከው ሁሉ ለእኔ በጥሩምባ እንደተነገረ ነው። ስለዚህ በዚህ ዜና ውስጥ ጭውውት የሚባል ነገር አትፈልጉ፤ በእኛ ቤት ሰው አፉን ከከፈተ ሦስት ክፍል ድረስ ስለሚሰማ፣ ‘አሞኛል’ ቢልም ‘ራበኝ’ ቢልም አዋጅ ነው፤ እኔም እንደ አዋጅ መዝግቤዋለሁ። ደግሞ አንዳንዱን ሰው አንቱ ስለው ካያችሁ አትሳሳቱ፤ አንቱ የምለው ለወንበሩ ብዬ ነው።

አስቀድመው የነገሡትን ሥራ አስኪያጆችና ያወጡትን የልብስ ሕግ ልናገር፤ ያለዚያ ነገሩ ከሰማይ ዱብ ያለ ይመስላችኋል።

በመጀመሪያ ዘመነ ውስጥ ቀሚስ ነበረ። በዚያ ዘመን የነገሡት ሽማግሌው ሥራ አስኪያጅ፣ በራችን ወደ ፀሐይ መውጫ ስለሚከፈት፣ ጠዋት ጠዋት የሚገባው ብርሃን የቀሚስን ጨርቅ አልፎ እግራችንን እንደሚያሳይ ደረሱበት፤ እንዴት እንደደረሱበት እሳቸው ያውቃሉ። ወእምዝ እጅግ ተጨንቀው፣ በሩን ማዞር ወጪ ቢሆንባቸው፣ ፀሐይን ማዞር ባይቻላቸው፣ ቀላል ሆኖ ያገኙት እኛን ማዞር ነበርና፣ ሴት ሁሉ ከቀሚሷ ሥር ሌላ ቀሚስ ትልበስ ብለው አዘዙ፤ ያኔ የነበረችው ጸሐፊያቸውም ከበሩ ውስጥ ቆማ እያንዳንዳችንን በፀሐይ ላይ ታሳልፈን ጀመር። እኔ ያን ጊዜ ልጅ እግር ነበርሁ። እንደ ራጅ ፊልም ብርሃን ላይ ተይዤ ታይቻለሁ፤ ምንም ስብራት አልተገኘብኝም።

ሽማግሌው በጡረታ ሲወርዱ ዘመነ ስቶኪንግ ገባ። ሁለተኛው ሥራ አስኪያጅ ከአንድ ስልጠና የተመለሱ ዕለት ባዶ እግር ያላዋቂነት ምልክት ነው ብለው ተነሡ፤ ‘የቆዳ ቀለም’ የተባለ ስቶኪንግም በካርቶን ተጭኖ መጣ። የማን ቆዳ እንደሆነ ካርቶኑ ላይ አልተገለጸም። አንዷ ጠይም፣ አንዷ ቀይ፣ አንዷ ጥቁር የነበርነው ሴቶች ሁላችን ከጉልበታችን በታች አንድ የማናውቃት ሴትዮ ሆንን፤ ሲተረተርብንም በጥፍር ቀለም እያስቆምን፣ ቢሮው በጥፍር ቀለም ሽታ ታፍኖ፣ ደንበኛ እያስነጠሰ ገንዘቡን ያስገባ ነበር።

ከዚያም ሁለተኛው ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛወሩ፤ ዋናው መሥሪያ ቤትም ሰው እስኪመድብ ድረስ ንጉሥ ያልነበረበት አጭር ዘመን ሆነ። በዚያ ዘመን ማንም ስለ ልብሳችን አልጠየቀንም፤ የፈለገች ሁለት ደረበች፣ የፈለገች አንድ ለበሰች። መሥሪያ ቤቱ አልፈረሰም። ይህቺን አስምሩባት።

ወእምድኅረዝ ሦስተኛው መጡ። በዕድሜ ልጄ ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም፤ በር ሲከፍቱ እንኳ በሩን ይቅርታ የሚጠይቁ ይመስላሉ። ነገር ግን እኚህ ንጉሥ ካልሲ አያደርጉም። ሱሪያቸው አጥሮ፣ ጫማቸው አብረቅርቆ፣ በመካከሉ ቁርጭምጭሚታቸው ብርድም ሙቀትም ሳይል ዓለምን ያያል። የጽዳቷ እናታችን፣ በምላሷ የማትምር ሴት፣ በመጡ በማግሥቱ ‘ባዶ ቁርጭምጭሚት’ የሚል ስመ መንግሥት አወጣችላቸው፤ ጸደቀላቸው።

የባዶ ቁርጭምጭሚት የመጀመሪያ ሥራ አዲስ የደንብ ልብስ ነበር። ሦስት ወንዶች ያሉበት ኮሚቴ ተቀምጦ፣ ነጩን ጨርቅ በነጭ ወረቀት ላይ ዘርግቶ አየውና ‘ወፍራም ነው’ ሲል በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ሸሚዙ ተሰፍቶ ሲመጣ ከወረቀት ላይ ተነሥቶ ሰው ላይ ዋለ፤ ጉዱም ያን ጊዜ ፈላ። የለበስነው እኛ ብንሆንም ያፈሩት እነሱ ናቸው፤ ማፈራቸውን ግን ወደ እኛ መለሱት።

አሁን ወደ ባለ ገድሏ ልምጣ። ይህች ልዕልተ መስኮት፣ ጠባቂተ ካዝና፣ የተቀደደ ብር አንድ ጊዜ ዳስሳ የምትለይ፣ ደንበኛ ሲጮህባት ድምፅዋን ዝቅ የምታደርግና በዚያው የምታሸንፍ፣ ከእናቷና ከሴት ልጇ ጋር የምትኖር የቤቱ ምሰሶ ናት። እኔን እትዬ ትለኛለች። እኔም፣ ለምን እዋሻለሁ፣ እወዳታለሁ።

በዚያ ዓመት ሐኪሞች ረጅም ስም የሚሰጡት፣ ሰው ግን አልማዝ ባለጭራ የሚለው ሕመም ወረራት። ስሟ ጌጥ ይመስላል፤ ለያዛት ግን እሳት ናት። ይህች ወራሪ ሌላ ቦታ የጠፋባት ይመስል፣ በግራ ጡቷ ሥር ተነሥታ፣ በጎኗ ዞራ፣ እስከ ጀርባዋ አጥንት ድረስ ጭራዋን ዘረጋች፤ ይኸውም በትክክል የጡት ማስያዣ ላስቲክ የሚያልፍበት መንገድ ነው። ሐኪሟም እንዲህ ሲል አወጀ፦ ‘ቁስሉ እስኪጠግግ ጥብቅ ያለ ነገር እንዳይነካሽ። ቆዳሽ ይተንፍስ።’ የሕመም ፈቃዷ ግን ከቁስሉ ቀድሞ አለቀ፤ ወደ መስኮቷም ተመለሰች።

መጀመሪያ እንደ ሰው ልሁን ብላ የጡት ማስያዣዋን አድርጋ መጣች። ወኮነ በይእቲ ዕለት፣ ረፋዱ ላይ፣ ደንበኞቿን በትሕትና ይቅርታ ጠይቃ፣ ከወንበሯ ተነሥታ፣ ፊቷ አመድ መስሎ፣ ግንባሯን ላብ አቸፍችፎት ወደ ክፍሌ ገባች፤ ገብታም ጀርባዋን ለመደርደሪያው ሰጥታ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ እጇን በሸሚዟ ሥር ወደ ኋላ ልካ መንጠቆዎቹን ፈታ፣ የግራውን ማንገቻ በግራው እጅጌ ስባ በክርኗ ላይ አሾልካ፣ የቀኙንም እንዲሁ አድርጋ፣ በመጨረሻም ያን የሽቦና የላስቲክ ምሽግ በቀኝ እጅጌዋ በኩል ከጉድጓድ እንደሚወጣ ገመድ ጎትታ፣ አንዲት የሸሚዝ ቁልፍ ሳትፈታ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ጣለችው። ይህን ጥበብ ሴት ሁሉ ያውቀዋል፤ የትም አልተማርነውም። ሽቦው ከጨርቁ ወጥቶ እንደ ቀንድ ቆሞ ነበር። እሷም ለረጅም ጊዜ ዓይኗን ጨፍና ተነፈሰች፤ አንጀቴን በላችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መዋዒተ ሽቦ ወላስቲክ የሆነችው እመቤታችን በመስኮቷ ላይ ያለ እሱ ተቀመጠች። ገንዘብ አልጎደለም፤ ሰልፍ አልተበተነም፤ ከደንበኞች አንድም ሰው ቃል አልተነፈሰ። አንድ ቀን ግን ባዶ ቁርጭምጭሚት ከኋላዋ ሲያልፉ፣ እሷ ከላይኛው መደርደሪያ ማህተም ለማውረድ እጇን አነሣች፤ እሳቸውም አዩ፤ አይተውም ጣሪያውን እንደ አዲስ ይመረምሩት ጀመር፤ ጣሪያውን እያዩም ቢሯቸው ደረሱ፤ መንገድ ላይም ከቆሻሻ ቅርጫት ጋር ተጋጩ።

ወዲያው ጸሐፊያቸውን ጠሩ። ይህቺ የዛሬዋ ጸሐፊ ስትጽፍ እያንዳንዱን ቃል ጮክ ብላ የመጥራት ልማድ አላት፤ ስለዚህ ማስታወቂያው ገና ሳይወለድ በግድግዳው በኩል ሰማሁት። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ‘ተገቢውን የጡት ማስያዣ’ የሚል ነበረ። እሷ ‘የጡት’ ብላ ስትጮህ እሳቸው ወንበራቸው እስኪንሸራተት ደነገጡና፣ ያቺ የመጀመሪያዋ ቃል ትውጣ፣ ለተቋሙ ክብር አትመጥንም ብለው አዘዙ። ቃሏ ወጣች። አዋጁም እንዲህ ሆኖ በሰሌዳው ላይ ተለጠፈ፦

‘ለሴት ሠራተኞች በሙሉ። የተቋሙን ገጽታ ለመጠበቅ ሲባል ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ማንኛዋም ሴት ሠራተኛ ተገቢውን ማስያዣ ሳታሟላ በመስኮት መቀመጥ የማትችል መሆኑን በጥብቅ እናሳስባለን። ማስያዣው ጠንካራና አስተማማኝ መሆኑ በቅርብ ኃላፊ ይረጋገጣል።’

እንግዲህ የእኛ ቤት ብድር ቤት ነው። በእኛ ቤት ማስያዣ ማለት ከጠዋት እስከ ማታ የሚጠራ ቃል ነው፤ ብድር የፈለገ ሰው ቤቱን፣ መኪናውን፣ መሬቱን ያስይዛል፣ እኛም ማስያዣው ጠንካራና አስተማማኝ መሆኑን እናረጋግጣለን። ሴቶቹ ግን የወጣችዋን ቃል ባንዴ መልሰን አነበብናት፤ እንዲህ ያለውን ነገር ለማንበብ ፊደል አያስፈልግም። ‘በቅርብ ኃላፊ ይረጋገጣል’ የምትለዋን ስናይ ደግሞ ሁላችንም ሳናስበው ክንዳችንን ደረታችን ላይ አጣጠፍን።

ለእመቤታችን ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ብታደርገው ቁስሏ ይላጣል፤ ባታደርገው ከመስኮቷ ተነሥታ ወደ ሳንቲም ቤት ትወርዳለች። ሳንቲም ቤት ከምድር በታች ያለ፣ እርጥበት ያለው፣ መስኮት የሌለው ክፍል ነው፤ ወደዚያ የወረደ ሠራተኛ ከዚያ በቀጥታ ወደ ቤቱ ሲሄድ እንጂ ወደ ላይ ሲመለስ አላየሁም። እኔም በጅል ምክሬ፣ ለምን ገብተሽ ታምሜያለሁ አትይውም አልኋት። ያን ጊዜ እንደ እሳት ነደደች፤ አዋጇም ይህ ነበር፦ ‘እትዬ፣ ምኔን ነው ያመመኝ ልበለው? የቱ ጋ ነው ሲለኝስ? ዘጠኝ ዓመት በእጄ ነው የሠራሁት። ስለ ጡቴ ለማንም ማመልከቻ አልጽፍም!’ ይህን ብላ አለቀሰች፤ ስታለቅስ ደግሞ ጎኗን አመማት፤ ሲያማት ተናደደችና እንባዋን ዋጠችው።

ከዚህ በኋላ የዚህ ዜና ሁለተኛው ጀግና ዘበኛችን ይገባል። አባባ የምንላቸው እኚህ ሰው የተጻፈ ነገር እንደተጻፈ የሚያከብሩ፣ ‘ሳር አትርገጡ’ የሚል ሰሌዳ ሳሩ ደርቆ ካለቀ በኋላም የሚያስከብሩ ናቸው። ዓርብ ከሥራ መውጫ ላይ ሰሌዳው ሥር ቆመው ማስታወቂያውን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፤ ሚስታቸውም ልጆቻቸውም የሚለብሱት ነገር ይህ ስም እንዳለው ያወቁ አይመስለኝም፣ ወይም ማስያዣ ለእሳቸው አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው፤ ብቻ እንደ በሬ ጮኹ፦ ‘ስሙ እንጂ ጎበዝ! በላባቸው ለሚያድሩ ልጆች ማስያዣ? ሥራ ለመሥራት? እኔ ልጄን ብልካት ምኗን ታስይዛለች፣ አልጋዋን? ደግሞ ጠንካራና አስተማማኝ ይላል! ግድ የለም ልጆቼ፣ ያላችሁን ይዛችሁ ኑ፤ እኔ በር ላይ አላስቸግራችሁም!’

የጽዳቷ እናታችን ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ባልዲዋን ገልብጣ ተቀመጠችበት። የስልክ ኦፕሬተሯ ግድግዳ ተደገፈች። ባለ ገድሏ ግን ጎኗን በእጇ ደግፋ ትንሽ ሳቀችና ሳቋን ድንገት አቆመች። አባባን አየች፤ ሰሌዳውን አየች፤ እንደገና አባባን አየች። እኔ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያንን ፊት አውቀዋለሁ፤ የተሳሳተ ሒሳብ ስታገኝ የምታሳየው ፊት ነው። ቀስ ብላም አወጀች፦ ‘አባባ እውነታቸውን ነው። ትእዛዝ ትእዛዝ ነው። እናሟላለን።’

ቅዳሜና እሑድ ስልክ ከእጅ አልወረደም።

ወበዕለተ ሰኑይ፣ ፀሐይ ገና በበራችን ልክ ሳትቆም፣ ሠራዊቱ ተሰበሰበ። የተከተሏትም እነዚህ ናቸው። በግንባር የጽዳቷ እናታችን፣ ሰው የሚታጠብበት የሚያህል የልብስ ማጠቢያ ሳፋ በራሷ ላይ ተሸክማ። በቀኝ ክንፍ የስልክ ኦፕሬተሯ፣ ሁለት ትራስ አቅፋ፣ ጠንካራ ናቸው ወይ ብትባል ‘ተኝቼባቸዋለሁ’ የምትል። በግራ ክንፍ ጸሐፊዋ፣ ማስታወቂያውን በገዛ እጇ የጻፈችው፣ የሟች አባቷን የግድግዳ ሰዓት በፎጣ ጠቅልላ፤ ሰዓቱም በየመሐሉ ይደውል ነበር። በመካከል የብድር ክፍሏ ነፍሰ ጡር፣ የወር ጉዳይ የቀራት፣ ባሏን በክንዱ ይዛ። ከኋላ እኔ፣ የስፌት መኪናዬን ጭንቅላት በዘንቢል አድርጌ፤ ወገቤ እስከ ዛሬ ያመኛል፣ አልጸጸትም።

አባባም በሩ ላይ ቆመው፣ የደንብ ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ መንገደኛው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ አወጁ፦ ‘ሴቶች በቀኝ በኩል! ማስያዣችሁን በእጃችሁ ያዙ፤ ሳላይ አላሳልፍም! ትእዛዝ ነው!’

በአስፋልቱ ማዶ የሚሄድ አንድ ጎልማሳ ይህን ሰምቶ ዞር ሲል ከምሰሶ ጋር ተላተመ። ታክሲ የሚጠብቁት ሰልፋቸውን ወደ እኛ አዞሩ። አባባ ግን ወይ ፍንክች፤ ሳፋውን በጣታቸው አንኳኩ፣ ትራሱን ጨበጡ፣ የሰዓቱን ድምፅ አዳመጡ፣ የነፍሰ ጡሯን ባል ከላይ እስከ ታች ካዩት በኋላም ‘በስምሽ ነው?’ ብለው ጠየቁ። ሰውየው ‘በስሟ ነኝ’ ሲል አሳለፉት። በዚህ መካከል ባዶ ቁርጭምጭሚት መኪናቸውን አቁመው ወረዱ፤ ‘ማስያዣችሁን ላየው! ያላሳየች አትገባም!’ የሚለውን የአባባን ጩኸትም ከነሙሉ ግርማው ሰሙት። ፊታቸው መጀመሪያ ነጣ፣ ቀጥሎ ቀላ፤ ከዚያ በጓሮ በር ገቡ።

እመቤታችን መጨረሻ መጣች። ሸክም የላትም፤ በእጇ አንዲት ትንሽ የወረቀት ከረጢት ብቻ። አባባ ምንድን ነው ይሉኝ ይሆን ብላ አንገቷን ቀና አደረገች፤ እሳቸው ግን ፊቷን አይተው፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ‘አንቺ ግቢ ልጄ’ ብለው በሩን ይዘውላት ቆሙ።

በቤታችን ሥርዓት ማስያዣ የሚገባው በሥራ አስኪያጁ ፊት፣ የመዝገብ ቤቷ ባለችበት፣ ወደ ካዝና ነው፤ ካዝናውም የሚከፈተው በሁለት ቁልፍ ሲሆን አንዱ በእሳቸው፣ አንዱ በእኔ እጅ ነው። ስለዚህ ሠራዊቱ ሁሉ ተከታትሎ ቢሯቸው ገባ። ሳፋው መሬት ላይ ዋለ፤ ትራሶቹ ሶፋው ላይ ተቀመጡ፤ ሰዓቱ ደወለ፤ ባልየው ጥግ ይዞ ቆመ። ባዶ ቁርጭምጭሚትም ከጠረጴዛቸው ጀርባ እንደ ተከበበ ከተማ ሆኑ፤ ‘ይሄ… ይሄ እኮ አይደለም… እኔ ያልኩት…’ እያሉ እጃቸውን ያወናጭፉ ጀመር። ያሉት ታዲያ ምን እንደሆነ ማንም አልጠየቃቸውም። ሁላችንም በትሕትና ጠበቅን።

ያን ጊዜ እመቤት ዘሣልሲት መስኮት ወደ ጠረጴዛው ቀርባ፣ ከረጢቷን ከፍታ፣ ያንን ነገር፣ ላስቲኩ የላላውን፣ ሽቦው እንደ ቀንድ የወጣውን፣ በግራ በኩል የቁስሏ ውኃ የነካውን፣ አውጥታ፣ እጥፋቱን አስተካክላ፣ በብዕር መያዣቸውና በስልካቸው መካከል አኖረችው። ድምፅዋንም እንደ ልማዷ ዝቅ አድርጋ አወጀች፦ ‘በማስታወቂያው መሠረት ማስያዣዬን አቅርቤያለሁ። ሌላ የለኝም። ሐኪም እንዳላደርገው ከልክሎኛል፤ ስለዚህ አስይዤዋለሁ። ካዝና ይግባልኝ።’

ሰዓቱ እንኳ አልደወለም።

ባዶ ቁርጭምጭሚት ነገሩን ለማስተካከል አንድ መንገድ ብቻ ነበራቸው፤ ያወጧትን ቃል መልሰው በአፋቸው መጥራት። ቀና አሉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ‘ማስታወቂያው የሚለው እኮ የጡ…’ ብለው ቆሙ። የመጨረሻዋ ፊደል አልመጣችም። እንደገና ‘የጡ…’ አሉ። ላብ በላብ ሆኑ። ነፍሰ ጡሯ ልትረዳቸው ፈልጋ አፏን ከፈተች፤ የጽዳቷ እናታችን በክርኗ ጎሰመቻት። በሩ ላይ ከኋላችን የተደረደሩት ደንበኞች አንገታቸውን አስግገዋል፤ አንዷ አሮጊት ደንበኛም ጠረጴዛው ላይ ያለውን አይተው ‘አቤት፣ ብድሩ እንዲህ ከበደ?’ ብለው አዘኑ። እመቤታችን ግን አልሳቀችም። ቆማ አየቻቸው። መስኮቷ፣ እናቷ፣ ልጇ፣ ዘጠኙ ዓመት ሁሉ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ከዚያች ቁራጭ ጨርቅ ጋር ተቀምጦ ነበር።

እሳቸውም ለመጀመሪያ ጊዜ ጣሪያውን ማየት ትተው እሷን አዩ። ከዚያ ጨርቁን አዩ፤ የነካውንም ነገር አዩ። በመጨረሻም የንግሥና ዘመናቸው አጭሩና ምርጡ አዋጅ ወጣ፦ ‘ካዝና ይግባ።’

ወእምዝ ሁለቱ ቁልፎች ዞሩ፤ ከባዱ በርም ተከፈተ፤ የቤት ካርታና የመኪና ሊብሬ በተደረደረበት መደርደሪያ ላይ፣ በአንድ ባለ ፎቅ ቤት ካርታና በአንድ የጭነት መኪና ሊብሬ መካከል፣ ቦታውን ያዘ። እኔም በጥሩ እጅ ጽሕፈት ‘አንድ ማስያዣ፣ ነጭ፣ ከነሽቦው’ ብዬ መዘገብሁት። እመቤታችንም ወጥታ፣ መስኮቷን ከፍታ፣ ‘ቀጣይ’ አለች። ሠራዊቱ እልል አለ፤ ደንበኞችም ምክንያቱን ሳያውቁ አብረው እልል አሉ።

ከምሳ በፊት ማስታወቂያው ከሰሌዳው ወረደ። ያወረዱት አባባ ናቸው፤ ሲያወርዱትም ‘አይ፣ ቀድሞም ግፍ ነበር’ እያሉ ነበር፤ እስከ ዛሬ ድረስ የመሰላቸው እንደመሰላቸው ነው፣ እኛም ደፍረን አልነገርናቸውም። በምትኩ አንድ አዲስ ተለጠፈ፦ ‘ማስያዣን በተመለከተ ቀደም ሲል የወጣው ማስታወቂያ ሠራተኞችን የማይመለከት መሆኑን እናሳውቃለን።’ ስስ ሸሚዙም በወሩ ተቀየረ። ያኛውን ጨርቅ የመረጥነው እኛ ነን፤ በወረቀት ላይ ሳይሆን በፀሐይ ላይ ዘርግተን።

አንድ ቀን ባዶ ቁርጭምጭሚት ብቻቸውን ወደ ክፍሌ መጡ። በሩን ዘግተው ቆሙና፣ ልጅቷ ክፉኛ ታማ ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። ነበረች አልኋቸው። ለምን አልነገረችኝም ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ የገዛ ራሳቸው ‘የጡ…’ ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ መልሰው ዘጉት። ‘ማን ሆኖ ነው የሚነግረኝ’ ብለው ለራሳቸው አጉረመረሙና ወጡ። ያን ዕለት አንቱታው ከወንበሩ ትንሽ ወደ ሰውየው ፈሰሰ። በማግሥቱም ካልሲ አድርገው መጡ፤ ግራጫ፤ የጽዳቷ እናታችን ቆማ አጨበጨበች።

ቁስሏ ዳነ። ማስያዣዋን ግን ልትወስድ አልመጣችም። ከዋናው መሥሪያ ቤት ኦዲተሮች በመጡ ጊዜ ካዝናው ተከፍቶ፣ አንደኛው ኦዲተር እዚያ መደርደሪያ ላይ ያየውን አይቶ ወደ ሥራ አስኪያጁ ሲዞር፣ ሥራ አስኪያጁ ዓይናቸውን ሳይሰብሩ ‘የሠራተኛ የጡት ማስያዣ ነው’ አሉ። ሁለቱንም ቃል። ኦዲተሩ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የሆነው በእርሷ ነውና፣ ስሟ ከመስኮቷ መስታወት ይልቅ ይጥራ፤ ወንበሯ አይንቀጥቀጥ፣ ማህተሟ አይድረቅ፤ ልጇ አድጋ ሥራ ስትገባ ማንም በፀሐይ ላይ አያሳልፋት፣ ማንም ቆዳዋን በካርቶን አያምጣላት፤ አልማዝ ባለጭራም ደግማ ደጇን አትርገጥ። እሷ በሽቦ ላይ ሠለጠነች፤ በአንዲት በወጣች ቃልም ላይ ሠለጠነች፤ ስለ ገላዋም ለማንም ማመልከቻ ሳትጽፍ በመስኮቷ ጸናች።

እኔም ሦስት ዘመነ መንግሥት ደርቤና አጥብቄ የኖርሁ፣ ጡረታ የቀረበኝ የመዝገብ ቤቷ፣ ዛሬ ይህን ለመጻፍ ስቀመጥ በሬን ዘጋሁ፤ እጄን ወደ ኋላ ላክሁ፤ በቀኝ እጅጌዬ በኩል ጎተትሁና መሳቢያ ውስጥ ከተትሁት። ይህን ዜና ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው የጻፍሁት ያለ ማስያዣ ነው።